መናፈሻ ሲታደስ ምኑ ይቀራል?

የሕዝብ መናፈሻ እድሳት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በጀቱ፣ ሥራ ተቋራጩና የርክክቡ ቀን ነው። ከእነዚህ ሥር ግን ፈላስፎች ከጥንት ጀምሮ የተከራከሩበት ጥያቄ አለ፦ ክፍሎቹ በሙሉ የተለወጡ ነገር ያው ነገር ነው ወይስ ሌላ? የድሮዎቹ ዛፎች ተቆርጠው፣ አፈሩ ተዝቆ፣ የእግር መንገዱ አቅጣጫ ተቀይሮ፣ ጥላው ሥር ይቀመጡ የነበሩ ሰዎች ወደ ሌላ ቦታ ሄደው፣ በሩ ላይ የተሰቀለው ስም ብቻ ቢቀር መናፈሻው ታድሷል ወይስ በቦታው ሌላ ተተክቷል? መልሱ በተግባር የሚያመጣው ልዩነት ቀላል አይደለም። መናፈሻው ያው ከሆነ ከእድሳቱ በፊት ይጠቀሙበት የነበሩት ሰዎች ዛሬም የቆየ መብት አላቸው፤ ሌላ ከሆነ ግን እንደ ማንኛውም እንግዳ በር ላይ ቆመው ፈቃድ ይጠይቃሉ።

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ሌላው ዓለም በባሕር ዳር ከተማ መናፈሻ የሚያገኘውን እዚህ የሚሰጡት የሐይቅ ዳር ከተሞች ናቸው። ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅና አሞራ ገደል አላት፤ ባሕር ዳር የጣና ዳርቻ አላት፤ ቢሾፍቱም ሆራ አላት። በስምጥ ሸለቆው መካከል ደግሞ ደምበል የሚባለው የዝዋይ ሐይቅ ተኝቷል። በምዕራብ ዳርቻው ባቱ ከተማ ስትገኝ፣ በምሥራቅ በኩል የአርሲ ዞን ዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ያዋስነዋል፤ የወረዳው ዋና ከተማ ኦጎልቾ ናት። ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው የቀታር ወንዝም ወደ ሐይቁ የሚገባው በዚሁ በምሥራቅ በኩል ነው።

እንዲህ ባሉ የወረዳ ከተሞች በባለሙያ የተነደፈ መናፈሻ ባይኖር እንኳ የመናፈሻን ሥራ የሚሠሩ ቦታዎች አይጠፉም። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አለ፤ የመስጊድ ግቢ አለ፤ በገበያው ዳር ደግሞ ዋርካ፣ ሾላ ወይም ግራር አለ። ሰው ከፀሐይ የሚሸሸው፣ የሚያርፈው፣ ወዳጁን የሚጠብቀው እዚያ ነው። ሦስቱም ቦታዎች በየራሳቸው ሃይማኖትና ልማድ ይተዳደራሉ፤ አንድ ቦታ ተለውጦም ያው ሆኖ የሚቀርበት ምክንያት ምን እንደሆነ ሦስቱም የየራሳቸው መልስ አላቸው። ስለ ከተማ መናፈሻ የሚያስብ ሰው ከአቴና ፈላስፎች በፊት እነዚህን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

የእድሳቱ ጥያቄ የወደፊት አይደለም። በአዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክና ወዳጅነት ፓርክ፣ በ2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ተከፍተዋል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ የእግረኛ መንገዱን፣ መብራቱንና የመንገድ ዳሩን አረንጓዴ ቦታ አንድ ላይ ይዞ ወደ ክልል ከተሞች ተዛምቷል። በብዙ ከተማ መሃል የሚታየው ተመሳሳይ ነው። ቅጠላቸው ወደ ላይ የታሰረ ወጣት ዘንባባዎች በሦስት በሦስት እንጨት ተደግፈው ቆመዋል፤ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ መጥቶ የተዘረጋው ሣር መጋጠሚያው ገና ይለያል፤ ፏፏቴ አለ፤ ማታ ማታ ቀለሙን የሚቀያይር መብራት አለ። ያምራል። ማማሩን መካድ ሐሰት ይሆናል፤ ቅዳሜና እሑድ በሠርግ መኪና ተከታትለው ፎቶ ሊነሡ የሚመጡት ሙሽሮችም ይመሰክራሉ። የሚያምር ነገር ግን ያው ነገር ነው ማለት አይደለም።

ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደተረከው፣ አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ለመታሰቢያ ሲያቆዩ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩ ነበር። ውሎ አድሮ መርከቡ ያው ነው፣ አይደለም በሚል ፈላስፎቹ ሁለት ተከፈሉ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ነገሩን አከረረው፦ አንድ ሰው የወጡትን አሮጌ ሳንቃዎች አጠራቅሞ እንደ ቀድሞው ቢገጣጥማቸው ከሁለቱ መርከቦች የትኛው ነው የቴሴዎስ?

መናፈሻ ከመርከብ የሚለየው ተሠርቶ ያለቀበት ቀን ስለሌለው ነው። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ሣሩ ይታጨዳል፣ አንዱ ችግኝ ሲደርቅ ሌላው ይተከላል፤ አትክልተኛው ሥራው ሁሉ ማውጣትና መተካት ነው። ለመርከብ መለወጥ እርጅና ሲሆን ለመናፈሻ መለወጥ ኑሮ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚመርጠው መልስ ልዩነቱን በፍጥነት ያስቀምጠዋል፤ ቀስ በቀስ የተለወጠ ያው ነው፣ በአንድ ሳምንት በዶዘር የተገለበጠ ግን ሌላ ነው ይላል። መልሱ ደስ ይላል እንጂ አይጸናም። በጃፓን የኢሴ መቅደስ በየ20 ዓመቱ ከጎኑ ባለው ቦታ ላይ በአዲስ እንጨት ይሠራና አሮጌው እንዳለ ይፈርሳል፤ የመጨረሻው ግንባታ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አንድም የድሮ ሳንቃ ሳይኖር ለጃፓናውያን መቅደሱ ያው ጥንታዊው መቅደስ ነው። ሥርዓቱና የአናጺዎቹ ሙያ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ይሻገራሉና። የሚወስነው እንግዲህ የለውጡ ፍጥነት ሳይሆን በለውጡ ውስጥ ተሻግሮ የሚያልፈው ነገር ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሚሻገረው የታወቀ ነው፤ ታቦቱ ነው። የአክሱም ጽዮን የመጀመሪያ ሕንፃ በትውፊት ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ከኢዛና ጋር ይያያዛል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ጦርነት ጠፋ፤ በ17ኛው በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደገና ተሠራ፤ በ20ኛው ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአጠገቡ ሌላ ሰፊ ሕንፃ አቆሙ። ከእነዚህ መካከል እውነተኛዋ ጽዮን የትኛዋ ናት ብሎ የሚቸገር ምእመን የለም። የዝዋይ ሐይቅም በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። በሐይቁ ካሉት ደሴቶች ትልቁ በሆነው በቱሉ ጉዶ ላይ ደብረ ጽዮን አለች፤ በዮዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሸሽተው ወደዚህች ደሴት እንደመጡና ለዓመታት እንዳኖሯት የደሴቱ ነዋሪዎች ዛዮች ትውፊቱን ጠብቀው ይናገራሉ። ትውፊቱ በታሪክ ሚዛን ምን ያህል ይጸናል የሚለው የታሪክ ሊቃውንት ክርክር ነው። አሳቡ ግን ግልጽ ነው፤ ታቦት በሄደበት ቦታው አብሮ ይሄዳል፣ ሕንፃው ልብሱ ነው።

የቅጥሩ ዛፎችስ? ጽዱ፣ ወይራው፣ ዋንዛውና ዝግባው ታቦት አይደሉም፤ ክብራቸው ግን ከእርሱ ጋር በመጠጋት የመጣ ነው። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል፣ በተለይ በደቡብ ጎንደር፣ ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሆኖ የቀድሞው ደን በቤተ ክርስቲያን ግንብ ውስጥ ብቻ ተርፎ የሚታየው ስለዚህ ነው። አሳቡን የበለጠ የሚያብራራው መጽሐፈ ኩፋሌ ነው፤ ይህ መጽሐፍ ሙሉው የተገኘው በግዕዝ ብቻ ሲሆን በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ይቆጠራል። በእርሱ ትረካ የኤደን ገነት ከምድር ሁሉ የተቀደሰች ስለሆነች አዳም እንኳ በተፈጠረ ዕለት አልገባባትም፤ እርሱ በ40ኛው፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን መላእክት አስገቧቸው። ዛሬ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና መነሣታቸው ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከገቡም በኋላ አዳም ሰባት ዓመት ሙሉ ከመላእክት እየተማረ ገነትን ሲሠራና ሲጠብቅ ኖረ፤ ከወፍና ከእንስሳ ይጠብቃት ነበር፣ ፍሬዋን ይለቅም ነበር። የመጀመሪያው ሰው በዚህ መጽሐፍ ሥራውን መማር የነበረበት አትክልተኛ ነው። ገነት ራሷ እንክብካቤ የማትሻ ፍጹም ቦታ ሆና አልቀረበችም፤ ይህ ለመናፈሻ ጉዳይ ትልቅ ነገር ነው።

በእስልምና የሚሻገረው ዓላማው ነው። ወቅፍ የተደረገ መሬት ከሰጪው እጅ ይወጣል፤ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ በስጦታ አይተላለፍም፤ ጥቅሙ ብቻ ለተወሰነለት ጉዳይ ይውላል። ሥርዓቱ የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ ኡመር በኸይበር ስላገኘው መሬት ከነቢዩ ከተቀበለው ምክር ጋር ይያያዛል። በአርሲና በባሌ ሙስሊሞች ዘንድ የቆየው የሻፊዒ መዝሀብ፣ የመስጊድ ሕንፃ ፈርሶ ቢቀር እንኳ መሬቱ መስጊድነቱን አያጣም ይላል። ጥቅም መስጠት ያቆመን ወቅፍ በሌላ ስለመተካት ግን መዝሀቦቹ ይለያያሉ፤ ሐነፊና ሐንበሊ በሁኔታው መተካትን ሲፈቅዱ ሻፊዒ በዚህ ላይ ጥብቅ ነው። ሁለቱም ወገን የሚስማሙበት ነገር አለ፤ ቅርጹ ቢቀየርም ዓላማው አይቀየርም።

ከዚህ መለኪያ የሚወጣው ፍርድ አንዳንድ ጊዜ ያልተጠበቀ ነው። በታደሰ መናፈሻ ጥግ ካፌ ተከፍቶ ሲታይ «መናፈሻው ተሸጠ» ማለት የተለመደ ነው። በወቅፍ ታሪክ ግን ሱቅና ቤት እያከራዩ በኪራዩ መስጊድንና ትምህርት ቤትን ማስተዳደር እንግዳ ነገር አልነበረም። ጥፋቱ ካፌው መኖሩ ላይ አይደለም፤ ካፌው ለመናፈሻው ይሠራል ወይስ መናፈሻው ለካፌው ደጅ ሆኗል የሚለው ላይ ነው። የኪራዩ ገንዘብ ችግኝ የሚያጠጣ ከሆነ ዓላማው ተሻግሯል። ወንበሩ እየገፋ ሣሩን ሁሉ ከያዘውና ሳያዝዝ የተቀመጠ ሰው ከተነሣ ግን መሬቱ ዓላማውን ለቋል።

ሦስተኛው መልስ የኦዳ ዛፍ ነው፤ ለከተማ መናፈሻም ከሁሉ የሚቀርበው እርሱ ነው። በኦሮሞ ሥርዓት ሸንጎ የሚቀመጠው፣ ሕግ የሚወጣው፣ ጠብ የሚበርደው በኦዳ ጥላ ሥር ነው። ሥልጣን በየ8 ዓመቱ የሚተላለፍበት የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የባሌውም ኦዳ ሮባ ከታላላቆቹ የገዳ ማዕከሎች አንዱ ነው። እዚህ ዛፉን ኦዳ ያደረገው በውስጡ የተቀመጠ ቅዱስ ዕቃ አይደለም፤ የአንድ ሰጪ ኑዛዜም አይደለም። ሰው ተሰብስቦበታል፣ ተነጋግሮበታል፣ የተነገረውም ታስሮበታል። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ወዩ የሚባል የክብር ሥርዓትም አለ። ወዩ ለአማት፣ ለእናት፣ ሲንቄ የሚባለውን በትር ለያዘች ሴት፣ ለቦታም ይሆናል፤ ወዩ በሆነው ፊት አንደበት ይቆጠባል፣ እጅ ይሰበሰባል። ክብሩን የሚያጸናው ትውልድ ሲጠነቀቅለት መኖሩ ነው።

በሐዋሳ ከተማ በሐይቁ አጠገብ ያለው ጉዱማሌ የዚሁ ዓይነት ነው። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፊቼ ጨምበላላን በየዓመቱ የሚያከብረው እዚያ ነው፤ በዓሉም በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በጨምበላላ ዕለት ዛፍ አይቆረጥም፣ ከብት አይታረድም። በሌሎቹ ቀናት ጉዱማሌ የከተማ መናፈሻ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሄድበታል፣ ተማሪ ያነብበታል። በኢትዮጵያ ውስጥ በውኃ ዳር ባለ ከተማ የሕዝብ መናፈሻና የሃይማኖት ሥርዓት አንድ መሬት ላይ ሲኖሩ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይቸግራል። በዓሉ በዓመት አንዴ መጥቶ ቦታው የማን እንደሆነ ያስታውሳል።

የኦዳን አሳብ በትንሹ ለማየት ታላቅ ማዕከል አያስፈልግም፤ የቆላ ገበያ ዳር ግራር ይበቃል። ጥላው ጠዋት በምዕራብ፣ ከሰዓት በምሥራቅ ይወድቃል፤ ጥላው ሲዞር ሰዉም ዕቃውን እየሳበ አብሮ ይዞራል። ከመሬት ወጣ ያለው ሥር በመቀመጥ ብዛት ልሟል። ጨው የምትሸጥ ሴት፣ ቆጮና ማር የጫነ አህያውን ያሰረ ነጋዴ፣ ስለ ድንበር የሚከራከሩ ሁለት ጎረቤታሞችና በመካከላቸው የገቡ ሽማግሌ ሁሉም በአንድ ጊዜ አሉ። «እዚህ ምን ትሠራለህ?» የሚል የለም። ይህ ጥያቄ አለመኖሩ ነው ቦታውን የሕዝብ የሚያደርገው። ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ የሚገባ ለጸሎት ይገባል፤ ወደ ሻይ ቤት የሚገባ ለመግዛት ይገባል፤ ግራሩ ሥር የሚቀመጥ ግን ምክንያት አያቀርብም።

የከተማ መናፈሻ ታቦት የለውም፤ በኑዛዜ የታሰረም አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ አስተዳዳሪው እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ስለዚህ ማንነቱ ተንጠልጥሎ ያለው በሦስተኛው ላይ ነው፤ ማንም ሰው ሳይጠየቅ ገብቶ የመቀመጥ ልማዱ ላይ። ይህ ከተሻገረ መናፈሻው በዘንባባም በግራርም ያው ነው። የሆብስ እንቆቅልሽም በዚህ ይፈታል። ሾላ ከቅርንጫፉ ይበቅላል፤ ከተቆረጠው አሮጌ ሾላ ቅርንጫፍ ወስዶ በሌላ ቀበሌ ቢተከልና ቢያድግ ዛፉ በርግጥ ያው ዛፍ ነው። መናፈሻው ግን ዛፉን ተከትሎ አይሄድም፤ ሰዉ ወዳለበት ይሄዳል። የቀድሞ ተቀማጮች በአጥር ተገፍተው ከመንገዱ ማዶ ከሱቅ ግድግዳ ጥላ ሥር መሰብሰብ ከጀመሩ መናፈሻው እዚያ ነው፤ ከአጥሩ ውስጥ ያለው አዲስ ነገር ነው።

ይህን አሳብ እስከ ጫፉ መውሰድ ግን እድሳትን ሁሉ መቃወም ይሆናል፤ እርሱም ስሕተት ነው። ቆሻሻ የተጣለበት፣ መብራት የሌለው፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ብቻዋን የማታልፍበት መናፈሻ በስም ለሁሉም ክፍት ቢሆን በተግባር ለጥቂት ወንዶች ብቻ ነው። ሽማግሌ የሚያርፍበት ወንበር፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያልፍበት መንገድ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ሲጨመርለት የሚገባው ሰው ይበዛል። እንዲህ ያለ እድሳት መናፈሻውን ቀድሞ ከነበረው ይልቅ ራሱን ያደርገዋል። የነበረውን ሁሉ ማስቀረት ታማኝነት አይደለም፤ በጥበቃ ስም ውድመትን ማቆየት ይሆናል።

ስለዚህ የሚመዘኑት ነገሮች ከሚመስለው ያነሱ ናቸው። ሐውልት ከእነዚህ አይደለም። በአዲስ አበባ ከአፍሪካ አዳራሽ አቅራቢያ በደርግ ዘመን የቆመው የሌኒን ሐውልት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ተነሥቷል፤ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የሚለወጠው ስምና ምስል የመናፈሻው ላይ ላዩን ነው። የመግቢያ ክፍያ ግን ከባድ ነው። መጠኑ ትንሽ ቢሆን እንኳ የማይጠየቀውን ጥያቄ በር ላይ ያቆመዋል፤ ከፋዩ ለገንዘቡ የሚመጥን ምክንያት ይዞ ይገባል፣ ገንዘቡን ለዳቦ የሚያስፈልገው ደግሞ ያልፈዋል። የሚያስከፍሉት ፓርኮች ለጥገና ገንዘብ ያስፈልጋል ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቦታዎቹ የሚጎበኙ ቦታዎች ናቸው፤ ጉብኝትና ውሎ አንድ አይደሉም። በከተማ መሃል ያለ መናፈሻ የሚያስፈልገው ውሎ ነው።

ሁለተኛው ከባድ ነገር አሮጌ ዛፍ ነው። ንጣፍ ድንጋይ ተሳስቶ ቢነጠፍ በወር ይነሣል፤ አጥር ቢቆም ይፈርሳል። የመቶ ዓመት ዝግባ ወይም ሾላ ከተቆረጠ ግን የቆረጠውም ያስቆረጠውም በሕይወት ሳሉ አይመለስም። ውሳኔው ለገና ላልተወለዱ ሰዎች የተወሰነ ነው። ሃይማኖቶቹ በዚህ ይስማማሉ። በእስልምና ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ የሚመገብበትን ዛፍ የተከለ ሰው ምጽዋት ይጻፍለታል፤ ትንሣኤ ቢደርስ እንኳ ችግኝ በእጁ ያለ ሰው እንዲተክል የሚያዝ ሐዲስም አለ። ትእዛዙ የተካዩን ጥቅም ፈጽሞ አውጥቶታል፤ በዚያ ሰዓት የሚተከል ዛፍ ጥላ የሚሰጠው ለማንም አይደለምና። የ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ የተተከለው ችግኝ ቁጥር በየዓመቱ ይነገራል። የአሮጌ ዛፍ ቆጠራ ግን በብዙ ከተማ የለም፤ ምን እንደጠፋ የሚታወቀው ጥላው ሲፈለግ ነው።

በሐይቅ ዳር ያለ መናፈሻ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለበት፤ ወሰኑ ውኃ ነው። የዝዋይ ሐይቅ ቀታርና መቂ በሚያመጡት ውኃ ይሞላል፤ በቡልቡላ በኩል ወደ አብያታ ይወጣል። በዙሪያው ያሉ የአትክልትና የአበባ እርሻዎች ከእርሱ ይስባሉ። የዳርቻው ደንገልና ፊላ ለዓይን የሚያምር አይመስልም፤ ለእይታ ሲባል ማጽዳት ቀላል ሥራ ነው። የዓሣ መራቢያና ደለል መያዣ ግን እርሱ ነው፤ ዛዮችም ታንኳቸውን የሚሠሩት ከደንገል ነው። ንድፍ አውጪው የመናፈሻውን ጫፍ በድንጋይ ሲገነባ፣ የዓሣ አጥማጁ ማረፊያና የከብቱ መጠጫ መንገድ እንዳይዘጋ ማሰብ አለበት። ውኃው ላይ ያለው መብት ከሣሩ ላይ ካለው መብት ይቀድማል፤ ከብት የሚያጠጣ ሰው ሊዝናና አልመጣም።

የቀረው የጠባቂው ጉዳይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አገልጋዮች አሉት፤ መስጊዱ ጀመዓ አለው፤ ኦዳውን ጎሳዎቹ ይጠብቁታል። የታደሰው የከተማ መናፈሻ ከርክክብ በኋላ የሚወድቀው በቀን ሠራተኞች እጅ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. በተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በብዙ ከተሞች የሚጠርጉት፣ የሚኮተኩቱትና የሚያጠጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የትኛው ችግኝ እንደያዘ፣ የትኛው ጥግ ውኃ እንደሚቋጥር፣ ማን የት መቀመጥ እንደሚወድ የሚያውቁት እነርሱ ሲሆኑ በንድፉ ላይ የሚጠየቁት ግን ጥቂት ጊዜ ነው። የበጀት ዓመቱም የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው፤ ክረምቱ ገብቶ መትከያው ሲደርስ የአሮጌው ዓመት ሒሳብ ይታሰራል። ለመትከል የሚሆነው ገንዘብ በዘመቻ ይገኛል፤ ችግኝ የሚደርቅበት ግን ጥርና የካቲት ነው፣ ያኔ ለማጠጫ የተያዘ ገንዘብ አለመኖሩ የተለመደ ነው። የኩፋሌው አዳም የሠለጠነው ሰባት ዓመት ሠርቶ ሲሆን፣ የአንድ መናፈሻ አትክልተኛ የሥራ ውል በብዙ ቦታ ከአንድ በጀት ዓመት አያልፍም።